ካልቨርት ክሊፍስ ድረስ ሄደን አንድም የሻርክ ጥርስ አላገኘንም፤ ምን እያጠፋን ነው?

የናቲ አባት

ሰላም ቤተሰብ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሰዎች እስቲ እርዱኝ።

ልጄ 6 ዓመቱ ነው። የፊት ጥርሱ መነቃነቅ ከጀመረ ወዲህ ወሬው ሁሉ ጥርስ ሆኗል፤ የአዞ ጥርስ፣ የአይጥ ጥርስ፣ የአያቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር። በዚህ ላይ አንድ የክፍል ጓደኛው ጥቁር የሻርክ ጥርስ ይዞ መጥቶ "ከባሕር ዳር ያገኘሁት ነው፣ ሚሊዮን ዓመቱ ነው" ብሎት ቤታችን ሰላም አጣ። ማታ ሳይተኛ ስለ ሻርክ፣ ጠዋት ሳይታጠብ ስለ ሻርክ።

ሰው ስጠይቅ ደቡብ ሜሪላንድ፣ ሉስቢ የሚባል ቦታ፣ ካልቨርት ክሊፍስ የሚሉት ፓርክ አለ አሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ጭኜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳን። መኪና ካቆማችሁ በኋላ ባሕሩ ጋ ለመድረስ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ጫካ ለጫካ በእግር እንደሚኬድ ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለልኝም! ትንሿን አዝዬ፣ የምግቡን ሳጥን እየጎተትኩ፣ ናቲ በየአምስት ደቂቃው "ደረስን?" እያለ፣ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ሰዉ ደግሞ እንደ ጉድ ነው።

አራት ሰዓት ሙሉ ከዚያ ወዲያ ወዲህ ተመላለስን። ያገኘነው ዛጎልና አንድ ኪስ ጥቁር ጠጠር ብቻ ነው። ናቲን ጄሊፊሽ እግሩን ነክቶት አለቀሰ። የሚያናድደው እዛው አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ታጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ማለት ይቻላል፣ ትንሽ ብልቃጥ ግማሹን በጥርስ ሞልተዋል። ዓይኔ እያየ! እኔ ሦስቴ በረገጥኩት ቦታ!

እና ምንድን ነው ነገሩ? ሰው ለቅሞ ጨርሶታል? ሰዓት አለው? ዕቃ ይፈልጋል? ጥቁር ጠጠርና ጥርስስ በምን ይለያሉ? ያቺን አንድ ኪስ ጠጠር እስካሁን አልጣልኳትም፤ ምናልባት ውስጧ ጥርስ ካለ ብዬ። ደግሞ እውነት ሚሊዮን ዓመት ነው ወይስ ልጆች ማሞኛ ነው?


ጠጠር ለቃሚ

ወንድሜ፣ ወሩንም ቀኑንም ሰዓቱንም ነው የሳትከው ሃሃ። አትቀየመኝ፣ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንደዛው ነው ያደረግኩት።

በጁላይ፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ ከደረስክ ጎህ ሲቀድ የመጡት ሰዎች ዳርቻውን ለቅመውት ቁርሳቸውን በልተው ቤታቸው ገብተዋል። አልቋል ወይ ላልከው ግን አያልቅም። ጥርሱ የሚመጣው ከዳርቻው በላይ ከቆመው ገደል ነው (ክሊፍስ ማለት ገደሎች ማለት ነው)። ገደሉን ዝናብና ውርጭ ይሸረሽሩታል፣ አፈሩ ታች ይወድቃል፣ ሞገዱ ጭቃውን አጥቦ ይወስድና ከባድ ከባዱን ዳር ላይ ይተወዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ዝናብና ንፋስ በኋላ አዲስ ነገር ይወጣል።

እኔ ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው የምሄደው። ብርዱ ያማል፣ ግን ሰው የለም፣ ጄሊፊሽ የለም፣ መዥገር የለም ማለት ይቻላል (በበጋ ከዚያ ጫካ ስትወጣ የልጆቹን እግርና ብብት ፈትሽ፣ እባክህ)። ቦታው ላይ የምደርሰው ውኃው ከሚሸሽበት ሰዓት፣ ማለትም ሎው ታይድ ከሚሉት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሜ ነው። ሰዓቱን ስልክህ ላይ ታገኘዋለህ። ይሄንን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ቼሳፒክ ላይ፣ ማለትም አንተ የሄድክበት የባሕር ወሽመጥ ላይ፣ ውኃው ከፍ ዝቅ የሚለው እንደ ውቅያኖሱ አይደለም፣ እዛ አካባቢ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ አንዳንዴ ንፋሱ ይበልጣል። ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ጠንከር ያለ ንፋስ ከነፈሰ ውኃውን ከዳር ገፍቶ ያርቀዋል፣ ሌላ ጊዜ የማታየው ጠጠር ራቁቱን ይቀራል። ንፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ እኔ መኪና አላስነሳም፣ ተኝቼ እውላለሁ።

ትንሽ ልጅ ካለህ ደግሞ እዛው ሉስቢ ፍላግ ፖንድስ የሚባል የካውንቲ ፓርክ አለ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ አሸዋው አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለመኪና ያስከፍላሉ፣ ግን ልጅ ከማዘል ይሻላል። ዳርቻውም ሰፊ ነው።


ወይዘሮ ወንፊት

የናቲ አባት፣ ልጄ፣ እንዴት ነህ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን የማልቀርበት ጉዳይ ስለሆነ ልንገርህ። ልጆቼ "እማዬ ከመጠን በላይ ነጻነት አግኝተሻል" ይሉኛል።

የአንተ ችግር መመላለስህ ነው። ምስር ስትለቀም አይተህ ታውቃለህ? እናትህ ሰፌዱን ይዛ ቁጭ ትላለች እንጂ እየዞረች አትለቅምም። ትንሽ ወደዚህ ገፋ ታደርጋለች፣ ታያለች፣ ትንሽ ደግሞ ገፋ። ዓይኗ ምስሩን አያይም፣ ጠጠሩን ብቻ ነው የሚያየው። እዚያም እንደዚያው ነው፣ የተገላቢጦሽ ብቻ፤ ጠጠሩን አታይም፣ ጥርሱን ነው የምታየው። ያ ሽማግሌ ፈረንጅ ያወቁት ይሄንን ነው። እኔ ለዚህ ነው ማንም ሳያስተምረኝ በመጀመሪያው ቀን 9 ያገኘሁት፣ ደብረ ብርሃን ምስር ስለቅም ነው ያደግኩት።

ሁለተኛ፣ ምን ያህል ነገር ነበር የምትፈልገው? ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን መዳፍ የሚያህል እንዳይሆን። እዚያ የሚገኘው አብዛኛው ከጣት ጥፍር ያንሳል። የስንዴ ፍሬ የሚያክል አለ፣ ሽምብራ የሚያክል አለ። አውራ ጣት የሚያህል ካገኘህ ያን ቀን እልል ነው። አንተ ትልቅ ስትፈልግ ትንሹን ረግጠኸው ሄደሃል።

አሁን ጠጠርና ጥርስ የሚለዩበትን ልንገርህ። ኪስህ ውስጥ ያለውን አውጣና ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው። ድንጋይ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ጥርስ ግን ሁለት ዓይነት መልክ ባንድ ዕቃ ላይ አለው፦ የሚነክሰው ጫፍ እንደ ሸክላ ጀበና ሲወለወል ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ግን ደብዛዛና ሻካራ ነው፣ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ይለያል። በሁለቱ መካከል ግልጽ መስመር አለ። ያንን መስመር ካየህ ሌላ ምንም አትጠይቅ። አንዳንዴ ሥሩ ተሰብሮ ጫፉ ብቻ ይገኛል፤ ያኔ ጠርዙን በጥፍርህ ፈትገው፣ ስለታም ነው። አንዳንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ጥርስ ላይ ጥርስ።

ዕቃ ላልከው ወንፊት ያዝ። የጤፍ ወንፊት አይሆንም፣ ዓይኑ ጠባብ ነው፣ አሸዋው አያልፍልህም። እኔ ለስንዴ የምጠቀምበትን አሮጌውን ነው የወሰድኩት። ውኃው ዳር፣ ሞገዱ ጠጠሩን ክምር አድርጎ መስመር በሠራበት ቦታ ቁጭ በል። አሸዋ ብቻ ያለበት ቦታ አትድከም። ከክምሩ አንድ አካፋ ታነሳለህ፣ ወንፊቱ ላይ፣ ውኃ ውስጥ ነከር ነከር፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ታያለህ። ለናቲም ትንሽዬ ወንፊት ስጠው፣ ጸጥ ይልልሃል። ፀሐይዋን ወደ ፊትህ አድርጋት፤ እርጥብ ጥርስ ፀሐይ ሲመታው ብልጭ ይላል።

ቆሎ መያዝ አትርሳ።


የሸገር ልጅ

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው? ጥርሱ ከገደሉ ነው የሚመጣው አላችሁ አይደል? መዶሻና መቆፈሪያ ይዞ ገደሉን ጠጋ ብሎ መፈልፈል ነው። በአንድ ሰዓት ታገኛለህ። እኔ ብሆን እንደዛ ነበር የማደርገው፣ ወንፊት ምናምን የሴት ሥራ ነው።


የሉስቢ ጎረቤት

የሸገር ልጅ፣ በእግዚአብሔር ስም ይሄንን ለሰው አትምከር። ልጅ ይዞ ለሚሄድ አባት ነው የምትጽፈው።

እኔ እዚሁ ነው የምኖረው። ያ ገደል ድንጋይ አይደለም፣ አሸዋና ጭቃ ነው። ስትነካው ብቻ ሳይሆን ሳትነካውም ይናዳል። ባለፈው ፀደይ፣ ዝናብ ከጣለ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው፣ ዳር ዳሩን እየሄድኩ ከፊቴ ሠላሳ እርምጃ ያህል ላይ ፍሪጅ የሚያክል ቁራጭ ቀስ ብሎ ተገነጠለና ዱብ አለ። ድምፁ ትልቅ አይደለም፤ ጆንያ እህል ከትከሻ ሲወርድ እንደሚሰማው ነው። በላዩ ላይ የነበረው ዛፍ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ከገደል ሥር አልቆምም።

ለዚህም ነው ስቴት ፓርኩ ውስጥ ከገደሉ ሥር መሄድም መቆፈርም የተከለከለው። ምልክት ተለጥፏል። ክፍት የሆነው በእግር መንገዱ መጨረሻ ያለው አሸዋ ነው፣ እዚያ የፈለግከውን ያህል በወንፊት ንፋ። ደግሞ ምን ዋጋ አለው? ሞገዱ ያለ ደመወዝ ይቆፍርልሃል እኮ። "የሴት ሥራ" ላልከው መልሱን ለወይዘሮ ወንፊት ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳርቻው ብዙ ቦታ ላይ የግል ነው። ቤቶቹ ከላይ አሉ፣ ከታች ያለው አሸዋም የሰዎቹ ነው። ቼሳፒክ ቢች ከተማ ያለው፣ ድሮ ሁሉም የሚሄድበት ብራውኒስ ቢች እንኳ ለከተማው ነዋሪ ቅድሚያ ሰጥቶ ሌላውን የሚገድብበት ጊዜ አለ። ኢንተርኔት ላይ የቆየ ጽሑፍ አንብባችሁ ልጆች ጭናችሁ እንዳትመጡ፣ መጀመሪያ ደውሉ።


ወይዘሮ ወንፊት

የሸገር ልጅ፣ መዶሻህን ይዘህ ና፣ እኔ ወንፊቴን ይዤ እመጣለሁ። ማታ ላይ እንቆጣጠራለን።


ድንጋይ አንባቢ

ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት (አሁን የምሠራው ሌላ ነው፣ እሱን ተዉት)። "እውነት ሚሊዮን ዓመት ነው ወይ" የሚለውን ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር።

እውነት ነው፤ እንዲያውም የናቲ ጓደኛ አሳንሶታል። የካልቨርት ገደሎች ማዮሲን በሚባለው ዘመን የተነጠፈ የባሕር ወለል ናቸው። ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ማለት ነው። ያኔ ባሕሩ ዛሬ ሉስቢ ያለበትን ሁሉ ሸፍኖ ነበር፣ ሙቅና ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ ዓሣ ነባሪ በብዛት ይመላለስበት ነበር፣ ዓሣ ነባሪ ባለበት ደግሞ ሻርክ አይጠፋም። በኋላ ባሕሩ ሸሸ፣ ወለሉ መሬት ሆነ፣ ዛሬ ቼሳፒክ ያንን መሬት ከጎኑ እየቆረሰ ይበላዋል። ከእነዚያ ገደሎች ከ600 የሚበልጡ የእንስሳትና የዕፅዋት ዓይነቶች ቅሪተ አካል ተገኝቷል።

ለምን ጥርስ ብቻ፣ ለምን የሻርክ አጽም አይገኝም? ሻርክ አጥንት የለውም። አጽሙ እንደ ጆሯችንና እንደ አፍንጫችን ጫፍ ዓይነት ለስላሳ ነገር ነው፣ ሲሞት ቶሎ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን የትየለሌ ነው። መንጋጋው ውስጥ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ይጠብቃል፣ የፊተኛው ሲወድቅ የኋለኛው ይተካዋል፣ በሕይወት ዘመኑ በሺዎች የሚቆጠር ያረግፋል። ናቲ አንዴ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ሻርክ ግን ዕድሜውን ሙሉ የወተት ጥርስ ላይ ነው በለው።

ለልጁ ሌላም አለህ። የጥርስ ሳሙና ላይ ፍሎራይድ የሚጨመረው ጥርሳችንን እንዲያጠነክር ነው አይደል? የሻርክ ጥርስ ሽፋን ከተፈጥሮው ፍሎራይድ ያለበት ማዕድን ነው። ሳይቦርሽ ጥርሱ አይበላም። (ይሄንን ለናቲ ባትነግረው ይሻላል፣ አሁን ሳስበው።)

ጥቁርነቱ ደግሞ ዕድሜ አይደለም። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ከዙሪያው ማዕድን እየጠጣ ነው ቀለሙ የሚቀየረው። ፎስፌት የበዛበት ጥቁር ያደርገዋል፣ ብረት ያለበት ቡኒ። አንዱ ቦታ ግራጫ፣ አንዱ ቦታ ሰማያዊ መሰል ሆኖ ይገኛል። "ይሄ ጥቁር ስለሆነ ያረጀ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እንደዚህ ሲሆን ክብደቱም ይጨምራል፣ ከተራ ነጭ ጠጠር በመጠኑ ይከብዳል፣ ለዚህ ነው ሞገድ ከጠጠሩ ክምር ጋር የሚተወው። ወይዘሮ ወንፊት ያሉት በሳይንስም ትክክል ነው።

ካልቨርት ላይ በብዛት የሚወጣው ግራጫ ሻርክ የሚባለው ወገን ትንንሽ ጥርስ ነው፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሥሩ ሰፋ ያለ። ሄሚፕሪስቲስ ሴራ የሚባለው ዝርያ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጥርሱ ግን ቆንጆ ነው፣ አንድ ጎኑ ተለቅ ተለቅ ያለ መጋዝ አለው፣ ጫፉ ወደ ጎን ጎበጥ ይላል። ማኮ የሚሉት ለስላሳ ጠርዝ ያለው፣ ጩቤ የመሰለ ነው። ሁሉም የሚያልመው ሜጋሎዶን፣ ያ ግዙፍ ሻርክ፣ ከስንት አንዴ ነው። ትልቁ ጥርሱ 17፣ 18 ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር፣ እሱ ራሱ ከጠፋ 3 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። ግን አይገኝም አይባልም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ዕለት አንዲት የ9 ዓመት ልጅ እዛው ካልቨርት ዳርቻ፣ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን አንድ አወጣች። ዲሴምበር ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ጥርስ የሚመስሉ ሌሎችም አሉ። ጥቁር፣ ማበጠሪያ የመሰለ፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ቁራጭ ካገኘህ እንዳትጥለው፤ ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ዛጎል የሚሰብርበት መንጋጋ ነው። ቀላ ያለ፣ ወፋፍራም ቀለበት የተጠመጠመበት ቀንድ አውጣ ካገኘህ ደግሞ ኤክፎራ ነው፣ የሜሪላንድ ግዛት መለያ ቅሪተ አካል። ያልገባህን ሰብስበህ ሶሎሞንስ ወዳለው ካልቨርት ማሪን ሙዚየም ውሰደው፣ ከሉስቢ ሩቅ አይደለም፣ ይለዩልሃል። የሜጋሎዶን አጽም አምሳያም አቁመዋል። ናቲ ሥሩ ሲቆም ዝም ካለ ንገረን።

ድሮ ሰው ይሄን ጥርስ ምን ብሎ ያስብ እንደነበር ታውቃላችሁ? አውሮፓ ውስጥ "የምላስ ድንጋይ" ይሉት ነበር። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ጨረቃ ስትጋረድ ከሰማይ የሚወርድ ነው ብሎ ጽፏል። በ1666 እ.ኤ.አ. ጣልያን ሊቮርኖ አካባቢ ትልቅ ሻርክ ተይዞ ጭንቅላቱ ፍሎረንስ ድረስ ተላከ፣ ኒኮላስ ስቴኖ የሚባል ዴንማርካዊ ሐኪም ሲቀደው፣ "ይሄ እኮ ያ የምላስ ድንጋይ ነው" አለ። ድንጋይ ውስጥ ጥርስ ከተገኘ ድንጋዩ ድሮ ጭቃ ነበር ማለት ነው፤ የእኛ ሙያ አንድ እግሩ ከዚያ የተተከለ ነው።


ባሕር አልባው

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣና፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በአገራችንስ የሻርክ ጥርስ ይገኛል? ባሕር የለንም ግን ድሮ ነበር ይባላል።


ድንጋይ አንባቢ

ባሕር አልባው፣ ስምህን ትቀይራለህ። ኢትዮጵያ ላይ ባሕሩ ከነወለሉ አለ። በጎጃም መንገድ ወርደህ ታውቃለህ? ጎሃ ጽዮን አልፈህ ወደ ዓባይ ድልድዩ ስትወርድ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ደጀን ስትወጣ፣ መንገዱ ዳር ያለው ፈዛዛ ቢጫ መሰል ኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነው። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ባሕር እስከዚያ ገብቶ ነበር። መኪና ሲበላሽብህ ወርደህ ብታይ ዛጎል ድንጋይ ውስጥ ተጣብቆ ታገኛለህ። መቀሌ ዙሪያም ያው ዓይነት ድንጋይ አለ፣ ቤት ይሠሩበታል። ዳናኪል ጠርዝ ላይ ደግሞ በጣም ቅርብ ነው፣ ቀይ ባሕር ገብቶ በነበረበት ጊዜ የበቀለ ኮራል በረሃው ዳር ደርቆ ቆሟል።

ግን እዚያ ወንፊት ይዘህ እንዳትሄድ። ቅሪተ አካል በእኛ ሕግ የመንግሥት ቅርስ ነው፣ አዋጅ 209/1992ን አንብብ። ያገኘ ሰው ማሳወቅ ነው ያለበት፣ ኪሱ መክተት አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፣ ሉሲን ያገኘ አገር ነው። ካልቨርት ላይ ጥርስ ከአሸዋ ላይ ማንሳት ስለተፈቀደ ሁሉም ቦታ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ዓባይ ላይ ፎቶ አንሳና እለፍ።


አሌክሳንድሪያ

ፖቶማክ ማዶ ላለነው ደግሞ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ዌስትሞርላንድ ስቴት ፓርክ አለ፣ ፎሲል ቢች የሚሉት ዳርቻ አለው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። በሜሪላንድ በኩል ቻርልስ ካውንቲ ውስጥ ፐርስ የሚባለው ቦታ አለ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር። እዚያ ያለው ጥርስ ከካልቨርቱ በጣም ይበልጣል በዕድሜ፣ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ዳይኖሰሮች ከጠፉ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ጥርሱ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ መርፌ ነው፣ ከሥሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ ጥርስ ይበቅልበታል። ውኃው ከሞላ ግን መቆሚያ የለም፣ ዛፍ የወደቀበት ነው፣ ሰዓቱን ሳታዩ አትሂዱ። መጸዳጃ ቤትም የለም፣ ሴቶች ልብ በሉ።


የናቲ አባት

ቤተሰብ፣ ተመልሼ መጣሁ። አንድ ሳምንት አልፏል። ምክራችሁን ሁሉ አንብቤ ኖቬምበርን መጠበቅ አልቻልኩም፣ ልጁ አያስጠብቅም። ግን ሌላውን ሁሉ እንዳላችሁት አደረግኩ።

ማክሰኞ ዕረፍት ወሰድኩ። ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሳን፣ ፍላግ ፖንድስ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። ከዋዜማው ማታ ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ከገደል ራቅን። የባለቤቴን ወንፊት ሰርቄ ነው የሄድኩት፣ ይሄንን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምንም የለም። ናቲ "ወንፊቱ ተበላሽቷል" አለ። እኔ ተነስቼ ልመላለስ ስል ወይዘሮ ወንፊት ትዝ አሉኝና ተቀመጥኩ። ከዚያ እኔ ሳልሆን ትንሿ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ ምንም ሳትፈልግ ከእግሯ ሥር አንስታ ወደ አፏ ልታስገባ ስትል ያዝኳት። ጥርስ! ሽምብራ የሚያክል፣ ጫፉ የሚያብረቀርቅ፣ ሥሩ ደብዛዛ፣ በመካከል ያ ያላችሁት መስመር። በቃ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 11 አገኘን። ትልቁ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ያህላል፣ አንድ ጎኑ መጋዝ አለው፣ ሄሚፕሪስቲስ ይመስለኛል። ማበጠሪያ የመሰለውም አንድ ቁራጭ አለን።

ያቺን አንድ ኪስ ጠጠርም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየኋት። ድንጋይ ነች። አንዷ ግን ሥር የሌላት ሰባራ ጫፍ ሆና ተገኘች፤ ለካ ያን ቀንም ባዶ እጃችንን አልተመለስንም ነበር።

ሙዚየሙ ጋም ሄድን። ናቲ ሜጋሎዶኑ ሥር ሲቆም ዝም አላለም፣ እንዲያውም ዘበኛው እስኪስቅ ጮኸ።

አሁን ያለብን ችግር ሌላ ነው። የፊት ጥርሱ ሐሙስ ዕለት ወለቀ። እሱ ከሻርኮቹ ጋር እዛው ብልቃጥ ውስጥ ይቀመጥልኝ፣ 10 ሚሊዮን ዓመት ይቆይልኝ ይላል። እናቱ ደግሞ የወተት ጥርስ ጣራ ላይ ካልተወረወረ ሌላው ቀጥ ብሎ አይበቅልም ብላ አቋም ይዛለች። የምንኖረው ባለ 12 ፎቅ አፓርታማ 4ኛ ፎቅ ነው። እስካሁን አልተስማሙም፤ ጥርሱ በናፕኪን ተጠቅልሎ ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል።


ወይዘሮ ወንፊት

እሰይ የኔ ልጅ! የሸገር ልጅ አሁንም መዶሻውን እየፈለገ ነው መሰለኝ። ጥርሷን ስትመጣ ይዘሃት ና፣ የእኔ ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ ጣራው ዝቅ ያለ ነው። ወንፊቱን ግን ለባለቤትህ መልስላት።